ለአንዲት ሐረግ ሰባት ቀን

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዘበኛው የማድረቂያውን ክፍል በር ሲከፍት፣ ፕሮፌሰሩን በረጅሙ ጠረጴዛና በመደርደሪያው መካከል በጀርባቸው ተዘርረው አገኛቸው። መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ መስታወቱ እንኳ አልተነካም። የተሰነጠቀው ከጆሯቸው በስተኋላ ያለው የራስ ቅላቸው ነበር። በጠረጴዛው የብረት ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ነበር። ሰውየው የሞቱት ዓርብ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሆነ ነገራት። ተንሸራተው ይሆን ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ የካፖርታቸውን የደረት ኪስ አሳያት። ኪሱ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። ተንሸራቶ የሚወድቅ ሰው የራሱን ኪስ አይቀድም።

ክፍሉ የአንድ የዕፅዋት ምርምር ተቋም የኋላ ክፍል ነው። ከየበረሃው የሚመጡ ቅጠሎችና ቅርንጫፎች እዚህ ተጭነው ይደርቃሉ፤ ከደረቁ በኋላ ጎን ባለው ክፍል ወፍራም ወረቀት ላይ ተሰፍተው ለዘለዓለም ይቀመጣሉ። በሩ አንድ ነው። ቁልፉ ሁለት ሲሆን አንዱ በፕሮፌሰሩ ሱሪ ኪስ ውስጥ ተገኘ፣ ሌላው የሚንጠለጠለው ዘበኛው ወገብ ላይ ነው። በጓሮ በኩል አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። መቀርቀሪያዋ አርጅቶ ከውጭ ቢገፏት ትከፈታለች፤ ግን ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋው ሳጅን ጭንቅላቱን ሊያሾልክ ሞክሮ ጆሮው ላይ ቀረ።

«በዚህ የሚያልፍ ድመት ነው» አለ ጆሮውን እያሻሸ። «እሱም ቁርሱን ካልበላ።»

በመስኮቷ ደፍ ላይ አንድ መጭመቂያ ተቀምጧል፤ ሁለት የእንጨት ርብራብ፣ በመካከላቸው የወረቀት ክምር፣ ዙሪያውን ሁለት የቆዳ ቀበቶ። ኢንስፔክተሯ ልትፈታው ስትል ዘለበቶቹ በግድግዳው በኩል ሆነው አገኘቻቸው፤ መጭመቂያውን ሙሉ በሙሉ ማዞር ነበረባት። ወረቀቱን ስትገልጥ እንደ ደረቅ ቂጣ ተንኮሻኮሸ። በውስጡ አንዲት ሐረግ ተዘርግታለች። ግንዷ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ ቅጠሎቿ ጥቂት፤ ከእያንዳንዱ ቅጠል ትይዩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥምዝምዝ እጅ ወጥቷል። በቀይ ፍሬዎቿ ዙሪያ ጥጥ ተደርጓል፤ ቆጠረቻቸው፣ ዘጠኝ ናቸው።

ከጎኗ የመለያ ወረቀት አለ፤ በፕሮፌሰሩ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ። ቀኑ ዓርብ። ሰብሳቢ በሚለው ፊት የራሳቸው ስም። የተገኘችበት ቦታ የሚጻፍበት መስመር ግን የለም፤ በመቀስ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጦ ወጥቷል።

ኢንስፔክተሯ ያየችውን ሁሉ፣ የሚጠቅመውንም የማይጠቅመውንም፣ ባየችበት ቅደም ተከተል ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አሰፈረች። ይህ ልማዷ ለባልደረቦቿ መሳቂያ ነው፤ አንዴ አንድ መዝገብ ውስጥ «ዝንብ ሁለት» ብላ ጽፋ ለዓመት ሲያሾፉባት ኖረዋል። ከዚያ በሩ ታሸገ። ሳጅኑም ለሁሉም ጥንቃቄ አይጎድል ብሎ መስኮቷን በሦስት ሚስማር መታት።

ዘበኛው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተያዘ። ትእዛዙ የአዛዡ ነበር፤ ምክንያቱም አጭር። ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን የቆለፈው እሱ መሆኑን ራሱ አምኗል። ከቅዳሜ እስከ እሁድ ማንም በዋናው በር እንዳልገባ መዝገቡ ይናገራል፤ መዝገቡን የሚጽፈውም እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ያለፈው ሳምንት ወሬ ነው። ፕሮፌሰሩ በሥራው ላይ ይተኛል ብለው ከሰውት ነበር፤ እሱም በሰው ሁሉ ፊት «እኚህን ሰውዬ አንድ ቀን እዚያው ማድረቂያ ውስጥ ቆልፌባቸው እሄዳለሁ፤ ይድረቁ» ብሎ ነበር። ያን ቀን ሁሉም ስቋል። ሰኞ ዕለት ግን የሳቁት ሁሉ ቃሉን ለፖሊስ አንድ በአንድ አስታወሱ።

በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም እስከ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ፍርድ ቤት መቅረብ ነበረበት። አዛዡ መዝገቡ በግድያ እንዲከፈት ፈልጓል። ኢንስፔክተሯ ደግሞ ሰው ገድሎ ሦስት ሌሊት ከአስከሬን ጋር አንድ ግቢ ካደረ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት በገዛ እጁ በር ከፍቶ የሚጮህ ገዳይ አልታያትም። የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ የዘበኛው ሚስት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ስታልፍ ቀና ብላ አየቻትና፦

«የእኔ እናት፣ እሱ እኮ አይጥ ሲሞት ራት የማይበላ ሰው ነው» አለቻት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯ ወደ መስፊያው ክፍል ገባች። ደረቅ ዕፅዋትን ወረቀት ላይ የምትሰፋውን ሴት የግቢው ሰው ሁሉ መርፌ ይላታል፤ በሥራዋም በቅጥነቷም። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የምትኖረውም እዚያው ግቢ፣ ከማድረቂያው ጓሮ፣ አትክልተኛ የነበረው ባሏ ከሞተ በኋላ በተተወላት አንድ ክፍል ነው።

መርፌ ጥያቄውን የምትመልሰው እየሰፋች ነበር። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ራሷን አሟት ወደ ክፍሏ እንደገባች፣ ፕሮፌሰሩ ብቻቸውን እንደቀሩ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም እንዳላየች ተናገረች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። ስለ ሐረጓ ስትጠየቅ ግን መርፌዋን አቆመች።

«ስም የላትም» አለች። «ዘጠኝ ወር ጠብታ በማይወርድበት አገር፣ ከድንጋይ ስር ትኖራለች። ከላይ ሲያዩዋት እንጨት ላይ የተጣለ ገመድ ናት። ቅጠሏን የምታወጣው ዝናብ ሲመጣ ለሦስት ለአራት ሳምንት ነው፤ ሌላውን ጊዜ አረንጓዴው ግንዷ የቅጠሉን ሥራ ይሠራላታል። ታች ደግሞ እንደ በርሜል የወፈረ ሥር አላት። ውሃዋን ያስቀመጠችው እዚያ ነው። መቶ ዓመት ሊሞላት ይችላል።»

«እንዴት ነው ስም የሌላት?»

«ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ናቸዋ። አንዱ ግንድ አበባ ብቻ፣ ሌላው ፍሬ። እኛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገኘነው ወንዴውን ብቻ ነው። ፕሮፌሰሩ ሴቴዋ ካልተገኘች ስም አልሰጥም ብለው ነበር።»

«አሁን ተገኘች። ማን አገኛት?»

መርፌ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «መለያው ላይ ማን ይላል?»

«ፕሮፌሰሩ።»

«እንግዲያው እሳቸው ናቸው።»

ኢንስፔክተሯ ልትወጣ ስትነሳ ሴትዮዋ ክፍሉ መቼ እንደሚከፈት ጠየቀቻት። ምርመራው ሲያልቅ ተባለች። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ልግባ ብላ ለመነች፤ እንደማይቻል ተነገራት።

«ሥጋ ያላት ናት» አለች መርፌ። «ውሃ ያዘለች ስለሆነች እንደ ሌላው ቅጠል ዝም ብላ አትደርቅም። በፈላ ውሃ ነክረው ካላወጧት መጭመቂያ ውስጥ ሆና ሳምንታት ትኖራለች፤ በጨለማ ነጭ ቡቃያ ታወጣለች። ተነክራም ቢሆን ሰባት ቀን የሰው እጅ ትፈልጋለች።»

«አሁን እየተበላሸች ነው ማለት ነው?»

«ዛሬ ደህና ናት። ከነገ ወዲያ ግን እንጃ።»

ኢንስፔክተሯ ይህንንም ጻፈችው። ሰው ሲሞት የቀሩት በትንሽ ነገር ላይ ሙጭጭ እንደሚሉ ታውቃለች። እሷም ባሏ ካረፈ በኋላ የእጅ ሰዓቱን ስምንት ወር በየማታው ሞልታለች፤ ለምን እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት የፕሮፌሰሩ ረዳት፣ ሁሉም ዶክተሩ የሚሉት የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው፣ ፊቷ ተቀመጠ። ዓርብ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከግቢ ወጥቶ በቀጥታ ቤቱ እንደገባ ተናግሮ ነበር። ሳጅኑ ግን የአከራዩን ሴት ጠይቆ፣ ያን ዕለት ቤቱ የገባው ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ መሆኑን አረጋግጧል። እጆቹም ከክንድ እስከ አንጓ ተቧጥጠዋል።

«ቡጭሪያው የምንድን ነው?»

«የግራር እሾህ። ሐሙስ መስክ ነበርኩ፤ ሾፌሩን ጠይቂው።»

«ከፕሮፌሰሩ ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«ከእሳቸው ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ግድግዳው ራሱ ቢናገር...» ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። ስለዚያች ሐረግ የጻፈውን ጥናት ፕሮፌሰሩ ሴቴዋን አምጣ እያሉ ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ እንደቆለፉበት፣ ዓርብም በዚሁ ነገር ድምፁን ከፍ እንዳደረገ አልካደም።

«ከዚያስ የት ሄድክ?»

ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ ሌላ ተቋም ለሥራ ፈተና ቀርቦ እንደነበር ነገራት። ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ሦስት ፈታኞች ፊት ተቀምጧል።

«ለምን ደበቅክ?»

«ሽማግሌውን ጥዬ ልሄድ ነበር። ሞተው ሳይቀበሩ ይህን እንዴት እላለሁ?»

ሳጅኑ ስልክ ደውሎ ተመለሰ፤ ሦስቱም ፈታኞች ቃሉን አጸኑለት። ከምርምር ተቋሙ እስከዚያ ሃያ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል፤ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የወጣውን ደግሞ መኪና ጠባቂዋ አይታዋለች፤ ፕሮፌሰሩም በዚያው ቅጽበት በር ላይ ቆመው መልካም መንገድ እንኳ አላሉትም ብላለች። ዶክተሩ ጉዳዩ ውስጥ የለበትም። ሳጅኑ ቅር አለው፤ ዶክተሩን ገና ሲያየው ጠልቶት ነበር።

«አንድ ነገር» አለች ኢንስፔክተሯ ዶክተሩ ሲነሳ። «ፕሮፌሰሩ ሐረጓን ያገኟት የት ይሆን?»

«እሳቸው?» ሰውየው ግራ ተጋባ። «ጉልበታቸው ከታመመ ስድስት ዓመት ሆነው። ከዚህ ግቢ ወጥተው መስክ አያውቁም። መስክ የምንወጣው እኔና መርፌ ነን። በተለይ እሷ፤ ቁልቁለቱን እንደ ፍየል ነው የምትወርደው።»

ማክሰኞ ቀትር ላይ ኢንስፔክተሯ ዘበኛውን እስረኛ ማነጋገር ወደሚፈቀድበት ክፍል አስመጣችው። ጫማው ክር የለውም፤ እግሩን እየጎተተ መጣ። አባባ ይቀመጡ አለችው።

ከጥያቄው ሁሉ በፊት ሚስቱ ምሳ በልታ እንደሆን ጠየቃት። ከዚያ ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ ተናገረ፤ ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ገርበብ ብሎ እንዳገኘው፣ ሁለቴ እንደተጣራ፣ ድምፅ ሲያጣ እንደቆለፈ። መጀመሪያ ፕሮፌሰሩ ወጥተዋል ብሎ እንደሆነ ሲናገር ቆይቶ ነበር። አሁን ግን እጆቹን አየና፦

«እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፤ ወደ ውስጥ ዘልቄ ማየት ይገባኝ ነበር። አኩርፌያቸው ነው። ካሉም ይጩሁ፣ መጥቼ እከፍታለሁ ብዬ ነው የቆለፍኩት። አልጮሁም።»

ይህ ቃል መዝገብ ላይ ቢሰፍር ለአዛዡ ድግስ ነው። ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ስለ ቅዳሜና እሁድ ጠየቀችው። የተለየ ነገር አልነበረም አላት። ዋናውን በር ማንም አላንኳኳም። ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ ነበር፤ ጓሮ ገመድ ላይ ከተሰጡት ወረቀቶች ሁለቱ ወድቀው አንስቶ መልሶ ሰቅሏቸዋል። እሁድም እንደዚሁ ተሰጥተው ነበር።

«የምን ወረቀት?»

«የመጭመቂያው ነዋ። እርጥቡን እሷ ታወጣለች፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ እኔ አጥፌ እመልስላታለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የምንሠራው።»

«እሷ ማለት?»

«መርፌ ናታ» አለ ዘበኛው፣ ጥያቄው እያስገረመው።

ኢንስፔክተሯ ማሸጊያውን ቀድዳ ማድረቂያው ክፍል ስትገባ ከዘጠኝ ሰዓት ጥቂት አልፏል። ዶክተሩን አስከትላለች፤ ሳጅኑ በር ላይ ቆሟል። መጭመቂያውን ከፈተች። ያ ሰኞ ጠዋት የተንኮሻኮሸው ወረቀት አሁን እንደ ታጠበ ጨርቅ ጣቷ ላይ ተለጠፈ። የረጠበ እንጨት ሽታ መጣ። በአንዱ ፍሬ ጥግ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ጀምሯል።

«ይህ የስንት ቀን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። «ወረቀቱ? አንድ ቀን ተኩል ቢሆነው ነው። ይህን የመሰለ ሥጋ ያለው ሐረግ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወረቀቱ በየጠዋቱ፣ አንዳንዴም ጠዋት ማታ ካልተቀየረለት ይበሰብሳል። ከዓርብ ጀምሮ ሳይነካ ቢቆይ ኖሮ ዛሬ የምታዪው ጥቁር ጭቃ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ደብተሯን ገለጠች። ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት። «ዘለበት ወደ ግድግዳ። ወረቀት ደረቅ፣ ይንኮሻኮሻል።» ዓርብ የተቆለፈ ክፍል፣ ሰኞ የተከፈተ፤ መካከሉ ላይ አንድ ሰው ወረቀት ቀይሯል።

«ቁልፉ ያለው ዘበኛው ጋ ነው» አለ ሳጅኑ ከበሩ። «ይኸው ነገሩ ወደ እሱው ዞረ።»

«ዘበኛው ገብቶ ቢቀይር ዘለበቱን ወደ ራሱ አድርጎ ያስር ነበር። እኔ ወደ መስኮቱ ነው ያገኘሁት። ጭንቅላትህ ባያልፍም ክንድ ያልፋል፤ በተለይ ቀጭን ክንድ።»

ዞረው ጓሮ ወጡ። ከመስኮቷ ስር አንድ የቆየ ሐረግ፣ ያው ባለ አራት ማዕዘን ግንድ ያለው፣ ግድግዳውን ይዞ ወጥቷል። ወንዴው ነው አለ ዶክተሩ፤ የመርፌ ባል ከአሥር ዓመት በፊት የተከለው። ጥምዝምዝ እጆቹ ያገኙትን ሁሉ ጨብጠዋል፤ የቦይ ቧንቧውን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን፣ የዛገ ምስማሩን። አንዴ ከጨበጠ እስኪደርቅ እንደማይለቅ፣ ይልቁንም እንደ ሞላ ተጠምዝዞ ግንዱን ወደ ያዘው ነገር እንደሚስብ ዶክተሩ ያብራራ ጀመር። ኢንስፔክተሯ የምታየው የመስኮቷን መዝጊያ ነበር። በጠርዙ ላይ አራት እጆች ተጠምጥመዋል፤ አራቱም ከግንዳቸው ተበጥሰዋል። ጫፋቸው ገና አረንጓዴ ነው። ከነሱ በላይ የሳጅኑ ሦስት ሚስማሮች ያብረቀርቃሉ።

«ዛሬ ደህና ናት» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ።

«ምን አልሽ?» አለ ዶክተሩ።

«ሰኞ ሐረጓ እየተበላሸች ነው ወይ ስላት፣ ዛሬ ደህና ናት አለችኝ። ያልነካት ሰው ሰኞ ዕለት፣ ሦስት ቀን ያለ እጅ ቆይታ ተበላሽታለች ነው የሚለው። እሷ ግን ሙያዋን ስጠይቃት ሌላውን ሁሉ ረስታ እውነተኛውን መልስ ሰጠችኝ።»

መርፌ በሯን የከፈተችው ገና ሳይንኳኳ ነው። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር ነው። አልጋው ግርጌ፣ በሥርዓት የታጠፉ ወረቀቶች ተከምረዋል። ኢንስፔክተሯ ከላይ ያለውን አንስታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። የባለ አራት ማዕዘኑ ግንድ ቅርጽ ላቡን ጥሎበት ደርቋል፤ አጠገቡም ቀይ ክብ ጠብታዎች አሉ። ዘጠኝ።

«ዝም ብለሽ ብትጥያቸው ኖሮ...» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ወዲያውም አነጋገሯን አስተካከለች። «ቢጥሏቸው ኖሮ እኔ ምንም ባልያዝኩ ነበር፣ እትዬ።»

«ወረቀት አይጣልም» አለች መርፌ። «ሰባትና ስምንት ጊዜ ይሠራል።»

ወንበሩን ለእንግዳዋ ሰጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሳጅኑ ውጭ እንዲቆይ ተነገረው። ከዚያ ወዲያ መርፌ ብዙ ጥያቄ አልጠበቀችም። ዓርብ ጠዋት ሴቴዋን ያገኘችው እሷ ናት፤ ከአንድ ገደል ጥግ፣ ከግራር ላይ ወጥታ ፍሬዋን ይዛ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዙሪያውን ፈልጋለች፤ ሌላ ሴቴ የለም። አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ቆርጣ፣ መንገዱን በወረቀት ላይ ስላ አመጣችላቸው። ፕሮፌሰሩ አይተው አለቀሱ። በፈላ ውሃ አብረው ነከሯት፣ አብረው ዘረጓት። መለያው ላይ የራሳቸውን ስም ሲጽፉ እንኳ አልከፋትም፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲያ ነው።

«ከዚያ ሥዕሉን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሰኞ ሠራተኛ ልኬ ሥሯን አስቆፍራለሁ አሉኝ። ከነሥሯ ካላመጣኋት ማን ያምነኛል አሉ። እኔም አንድ ናት፣ ከነቀሏት አለቀች አልኳቸው። ወንዴው ብቻውን ምን ይሆናል? ቅርንጫፏ ይበቃል፣ ፍሬዋ ይበቃል፣ በደንብ ላድርቃት፣ የዓለም ሰው ያምንዎታል አልኳቸው። አንቺ መስፋትሽን ስፊ አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሥዕሉን ከኪሳቸው ልወስድ ስል ያዙኝ። ገፋኋቸው። እንዲህ ነው የገፋኋቸው።» ባዶውን አየር በሁለት መዳፏ ገፋች፤ ገፊው እጅ ብዙ ጉልበት አልነበረውም። «ሲወድቁ ድምፅ ሰማሁ። እሳቸው ሲቆጡ ዝም ይሉኛል፤ ዝም ያሉኝ መሰለኝ። ሥዕሉን ሐረጓን በነከርንበት ውሃ ውስጥ ጣልኩት፤ ቀለሙ ሁሉ ሄደ። የቦታውን መስመር ቆረጥኩ። ወጣሁ። ዘበኛው ሲቆልፍ ሰምቻለሁ፤ ይጣራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቅዳሜ ጠዋት በመስኮቱ እጄን ሳስገባ ከመደርደሪያው ወዲህ ጫማቸው ይታያል። ባለፈው ቀን እንደነበረው ነው። ያን ጊዜ አወቅኩ።»

«ወረቀቱን ግን ቀየሩ።»

«ጫማቸውን እያየሁ ቀየርኩ። እሁድም። ሰኞም ሳይነጋ።» አንገቷን ደፋች። «እሷ ከተበላሸች ሌላው ሄዶ ይቆፍራታል። ዶክተሩም ቢሆን፣ ደግ ልጅ ነው፣ ግን ይቆፍራታል። በደንብ ከደረቀች ማንም ሥሯን አይፈልግም። ሰባት ቀን ብቻ ነው የፈለግኩት። ዓርብ ሲደርስ በእግሬ ጣቢያ ልመጣ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ደብተሯን ዘጋች። የሚሰማት ንዴት መሆኑን ስታውቅ ራሷም ገረማት።

«ሃያ ዓመት ወረቀት ያጠፈልዎት ሰው ነገ በአራት ሰዓት በነፍሰ ገዳይነት ሊቀርብ ነው። ሚስቱ ከትናንት ጀምሮ እኛ በር ላይ ተቀምጣለች። እሱንም ሰባት ቀን ሊያስጠብቁት ነበር?»

መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። በትከሻዋ ላይ ያለው አጥንት በልብሷ ስር ይታይ ነበር።

«ይለቁታል እያልኩ ነበር» አለች በመጨረሻ። «በየሰዓቱ በሩን እያየሁ ነበር። አሁን ተነስቼ ልሂድ ስል ደግሞ ሐረጓ ትመጣብኛለች። እሱን ከእሷ ጋር መዘንኩት፤ ይህን ማንም ይቅር አይለኝም፤ እኔም አልልም።» ተነሳችና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሹራብ ወሰደች። «እንሂድ። ግን በደጁ ስናልፍ... ዛሬ ወረቀቷ አልተቀየረም።»

ደንቡ አይፈቅድም። ሐረጓ ኤግዚቢት ናት፤ ሴትዮዋም ተጠርጣሪ። ኢንስፔክተሯ ግን የማድረቂያውን በር ከፈተችና ወደ ጎን ቆመች። መርፌ በዚህ ጊዜ የገባችው በበሩ ነው፤ ከጠረጴዛውና ከመደርደሪያው መካከል ስትደርስ ቆመች፤ ወለሉ ባዶ ነው። ዙሪያውን ብታልፍ መንገድ ነበራት፤ እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ በዚያው አለፈች። ሻጋታውን በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረገች። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አነሳች፣ ከስራቸው አዲስ ጥጥ አደረገች፣ ወረቀቱን ቀየረች፣ ቀበቶውን በጉልበቷ ተጭና ሳበች። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ቆማ የእጆቹን ቅደም ተከተል ታይ ነበር። ዘለበቶቹ ወደ ክፍሉ ዞሩ።

ዘበኛው ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተፈታ። በሩን ባለማየቱ የሥራ ጥፋት አለበት ተባለ፤ ቅጣቱም ለመሥሪያ ቤቱ ተተወ። ሚስቱ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ለጫማው ክር አስገባችለት። ገፍታ የጣለቻቸው ማን እንደሆነች ሲነገረው ኮፍያውን ሁለቴ ገልብጦ አየው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢንስፔክተሯ ወደ ሥራ ስትሄድ በየጠዋቱ ወደ ተቋሙ ጎራ ትል ነበር። ማስረጃ እንዳይበላሽ ነው ብላ ለአዛዡ ጻፈች፤ ውሸት አልነበረም። ሚስማሮቹን ሳጅኑ ነቀለ። ኢንስፔክተሯ ከውስጥ እርጥቡን ታወጣለች፣ ዘበኛው ከጓሮ ይቀበላታል፣ ትናንት የደረቀውን ያቀብላታል።

ዓርብ፣ በሰባተኛው ቀን፣ ወረቀቱ ደረቅ ወጣ። ሐረጓ ቀለሟን ይዛ፣ እጆቿ እንደተጠመዘዙ፣ ዘጠኙም ፍሬ በቦታው ነበር። ዶክተሩ አዲስ መለያ ይዞ መጣ። ሰብሳቢ በሚለው ፊት የመርፌን ሙሉ ስም በንጹሕ ጽሑፍ አስቀምጦታል፤ ግቢው ውስጥ ያን ስም የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ከሠራተኛ ማኅደር ላይ ነው የቀዳው። ቦታ የሚለውን ባዶ ትቶታል።

«መዝገባችሁ ውስጥ ይኖራል ብዬ ነው» አላት። «ቦታ የሌለው ናሙና ግማሽ ናሙና ነው።»

«የለም» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አልነገረችሽም?»

«አልጠየቅኳትም።»

ዶክተሩ የእስክሪብቶውን ክዳን መለሰበት።

ስትወጣ ዘበኛው ጓሮ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ወረቀቶች ከገመድ እያወረደ ነበር። ቀይ ጠብታ ያለበትንም የሌለበትንም ጠርዝ ለጠርዝ እያገናኘ ያጥፋል።

«እነዚህ ከእንግዲህ ለማን ናቸው?» ስትል ጠየቀችው።

«ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አስተኝታኛለች» አለ ዘበኛው ወረቀቱን በመዳፉ እየተጫነ። «ስትመጣ እነግራታለሁ።» ክምሩን ተሸክሞ ወደ መርፌ ክፍል ሄደና ዝናብ የማያገኘው ቦታ፣ ከበሩ ደፍ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ተመልሶም አየው፤ ነፋስ እንዳይወስደው አንድ ድንጋይ ጫነበት።